የናርዳ የጓሮ በር

ባለፈው ሰሞን ቢሮአችንን የምታጸዳው ልጅ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ረስቼው የወጣሁትን ስልክ ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወርዳ ስትሰጠኝ፣ ስልኩ በረኪና ሸተተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እግዜር ይስጥሽ ብሎ፣ ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ መንገዱን ይቀጥል ነበር። እኔ ግን አመሌ ነውና መጀመሪያ ስልኩ ተነካክቶ እንደሆነ አየሁ፣ ከዚያ የልጅቷን ፊት አየሁ፣ እሷም ማየቴን አየች። "አልከፈትኩትም እትዬ" አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ያ ሽታ፣ እርጥብ አንሶላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ አፍንጫ የሚቆነጥጠው የበረኪና ሽታ፣ ታክሲ ውስጥ ገብቼም አልለቀቀኝም። በዕድሜዬ እንደዚያ የሚሸት ስልክ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአስካለ ስልክ ነው። መጠርጠርንም ቢሆን በወጉ የተማርኩት እዚያ ስልክ ላይ በተጻፈ ነገር ነው።

ያኔ የምንኖረው ጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ነበር፤ ከባድ መኪኖች ወደ ዶራሌ ወደብ ሲወርዱ ግድግዳው የሚንቀጠቀጥ፣ የሐምሌ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ ከአሸዋው ጋር የጎረቤት ሳፋና ነጠላ ጫማ ሳይቀር ግቢው ውስጥ የሚወረውርበት ቤት። እናቴ፣ እትዬ አበባ ነው የሚሏት፣ ለኛ አገር ሾፌሮች ምግብ ትሠራለች። የፊተኛው ክፍል ምግብ ቤት ነው፣ በኋለኛው እኔና እሷ እንኖራለን፣ መሀል ላይ ያለው መጋረጃ ደግሞ ሽታም ወሬም አያስቀርም። ጠዋት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ እማራለሁ፣ ከሰዓት ከጎረቤት ልጆች ጋር በሶማሊኛ እጣላለሁ፣ ሲመሽ ሾፌሮቹን በአማርኛ አስተናግዳለሁ። እነሱም የክርስትና ስሜን ትተው "ፈረንሳይ" ይሉኝ ነበር። "ፈረንሳይ፣ ውሃ አምጪ!" "ፈረንሳይ፣ ኧረ ድምፁን ጨምሪው!"

የሚጨመረው የድራማው ድምፅ ነው። አንድ የባዕድ አገር ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ በዲሽ ይመጣ ነበር፤ ስሙን አልጠራውም፣ ስሙ ሲነሳ እስከ ዛሬ የሚኮራረፉ ሰዎች አውቃለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ናርዳ የምትባል ወላጅ የሌላት ልጅ ሀብታም አጎቷ ቤት ተዘግቶባት ትኖራለች፣ ካሚር የሚባል ዓሣ አጥማጅ ይወዳታል፣ አጎትየው አሻፈረኝ ይላል። ጎማ በጥርሱ ይፈታል የሚባል ሾፌር፣ ናርዳ ባለቀሰች ቁጥር ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ አቁሞ ይቀር ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በመጨረሻው ክፍል ካሚርን ባሕር በላው። ቀለበቱ ብቻ ዳርቻው ላይ ተገኘ፣ ናርዳ መስኮቷ ላይ ቆማ ታየች፣ ሙዚቃው መጣ፣ አለቀ። በኋላ ጋሽ ተሾመ፣ የሾፌሮቹ ሁሉ ታላቅ፣ እጁን በሶፍት እየጠረገ "ሬሳው መች ተገኘና ነው?" አለ።

ለካ በዚያው ሳምንት ድሬዳዋ ያለውም ተማሪ፣ ቤሩትና ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራዋም ልጅ፣ ድንበሩ ላይ ጋላፊ ኬላ ወረፋ የያዘውም ሾፌር ይህንኑ ሲጠይቅ ሰንብቷል። "ሬሳው አልተገኘም" የሚባል ግሩፕ ስልካችን ላይ ተከፈተ። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሰዎች ድራማው ካለቀበት ተነስተው ቀጣዩን በራሳቸው ይጽፉ ነበር፤ ቅጥያ ነው የሚሉት። አንዷ ካሚርን በጀልባ ታድነዋለች፣ አንዱ መነኩሴ ያደርገዋል፣ ሌላዋ ደግሞ ናርዳን አስታጥቃ አጎትየውን ታስገድላታለች። የሰውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ስሙን ደብቆ መጻፍ፤ የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ መቻሉ ያኔ ምንም አልገረመኝም ነበር። ወግም ነበረው። ጸሐፊው በየክፍሉ መጨረሻ ላይ "ምን ይሁን?" ብሎ ይጠይቃል፣ አንባቢው ሐሳቡን ከሥር ይደረድራል፣ ጸሐፊው ደግሞ ይህን ሰምቶ ይቀጥላል። ከሁሉም የሚወደደው "ዝናብ ናፋቂ" በሚል ስም የሚመጣው ቅጥያ ነበር።

ዝናብ ናፋቂ አስካለ ናት። ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አስካለ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ የሀብታሞቹ ሰፈር ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ማዳም ሰዓዳ የሚሏት የትልቅ ሰው ሚስት ቤት እዚያው እያደረች ትሠራለች፣ ዓርብ ዓርብ ፈቃዷ ስለሆነ በሚኒባስ እኛ ጋ ትመጣለች። ዝምተኛ ነበረች፤ ስትስቅ እንኳ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። የማዳም ቤት ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ሲያሸልብ፣ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እሷ ልብስ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ትወጣለች። እርጥብ አንሶላ ግራና ቀኝ ሰቅላ መሀሉ ትቀመጥና፣ ነፋሱ አንሶላውን አልፎ ሲመጣ ትንሽ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ እዚያ ሆና በአውራ ጣቷ ትጽፋለች። ለዚህ ነው ስልኳ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና የሚሸተው። ዓርብ ሲመጣ እኔ ምግብ ቤቱ መሀል ቆሜ የሳምንቱን ቅጥያ ለሾፌሮቹ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች፤ ሾፌሮቹ ሲስቁ ቢላዋው ጸጥ ይላል። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ አዳማጭ ፊት ቆሜ አንብቤ አላውቅም።

ችግሩን ያመጡት ሾፌሮቹ ናቸው፤ ክፉ አስበው አይደለም። ካሚር ከባሕር ተርፎ፣ ተሸሽጎ፣ ናርዳን ሊያወጣ ወደ አጎቷ ቤት የሚመጣበት ክፍል ደረሰ። አስካለ "ካሚር ሌሊቱን ጠብቆ ገባ" ብላ በአንድ መስመር አለፈችው። ኧረ ጉድ ነው የፈላው! የኛ ሾፌር ዕድሜውን የሚጨርሰው በር ላይ ቆሞ ነው፤ የወደብ በር፣ የሚዛን በር፣ የጉምሩክ በር፣ የኬላ ገመድ። ሰው ከሞት ተነሳ ቢሉት ያምናል፤ ሰው ኬላ አለፈ ሲሉት ግን በማን በኩል፣ በምን ወረቀት፣ ማን ተረኛ ነበር ሳይል አይለቅም። ጋሽ ተሾመ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ "ፈረንሳይ፣ ይህቺ ጸሐፊ ኬላ አልፋ አታውቅም። በየት በር ገባ? ዘበኛው የት ሄደ? ቁልፉን ማን ሰጠው? ይህን ጻፊላት" አለኝ። ጻፍኩላት። ሌሎቹም ካሉበት ሆነው ጻፉ። ያን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ቢላዋው ቆሞ ሲቀር ሰምቼዋለሁ።

ድራማው የአጎትየውን ቤት ሳሎኑንና ደረጃውን እንጂ ጓሮውን አሳይቶ አያውቅም። አስካለ ደግሞ በሕይወቷ ከውስጥ የምታውቀው ትልቅ ቤት አንድ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ናርዳ የጓሮ በር ኖራት፤ ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ያለች፣ ለቆሻሻ ማውጫ የተሠራች ጠባብ ሰማያዊ የብረት በር፣ ቁልፏ ከጋዝ ሲሊንደሩ ኋላ ሚስማር ላይ የሚንጠለጠል። ውሻው ኖረ፤ ዓሣ አጥንት ከተወረወረለት የማይጮህ። ዘበኛው ኖረ፤ አንድ የወርቅ ጥርስ ያለው፣ ጫት ከተማ ሲገባ፣ ያ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ፣ በሩን ጥሎ ነጠላ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ የሚሮጥ፣ "ጌታው ቢሞት እንኳ እንዲህ አይሮጥም" የተባለለት። ሌሊቱ ቀርቶ ካሚር በጠራራ ፀሐይ፣ ጫት ሲገባ እንዲመጣ ተወሰነ። ምግብ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጅቡቲ ውስጥ ማን ዘበኛ ነው ጫት ሲገባ በሩ ላይ የሚገኝ? ጋሽ ተሾመ "አሁን ገና ገባ!" ብሎ ጠረጴዛውን መታ፤ ከሥርም እኔን "ሐሙስ መኪናዬን ጓሮ በሩ ጋ አቆማለሁ፣ ሞተር አላጠፋም፣ ልጅቷን ይዛችሁ ኑ" ብለሽ ጻፊልኝ አለ። ሌሎቹም ተከታተሉ፤ አንዱ ሸራ አለኝ አለ፣ አንዱ ጋላፊ ላይ የማውቀው ሰው አለ አለ።

እኔ ብቻ ነበርኩ ሳቄ ያልመጣ። "ተከታታይ" የሚል ስም ያለው አንድ ሰው ነበር፤ ፎቶ የለው፣ የሚጽፈው ቅጥያ የለው፣ ከማንም ጋር አይቀልድም። እሱ የሚጠይቀው ቤቱን ብቻ ነበር። አጎትየው ቤት የማይውለው በየትኛው ቀን ነው? ሰማያዊዋ በር ወደ የትኛው መንገድ ታወጣለች? ከጣሪያው ላይ ባሕሩ ይታያል ወይስ ወደቡ? አስካለም ለአንባቢዋ ሁሉ ትሑት ስለሆነች አንድ በአንድ ትመልስለት ነበር፤ የጠየቃትን ሁሉ በሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ታገባለታለች። አንድ ዓርብ ነገርኳት፤ አስኩዬ፣ ይህ ሰው ደስ አላለኝም፣ የናርዳን ነገር አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም አልኳት። አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ የገዛ ጥላሽን ትጠረጥሪያለሽ። ሰው ታሪክ ሲወድ ቤቱን ማየት ያምረዋል እኮ" አለችኝ። እውነትም ሊሆን ይችላል ብዬ ተውኩት።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ግን ከፈሩበት በኩል አይደለም። የማዳም ሰዓዳ ዘበኛ አብዲ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛ ከማንም በላይ ያነባል። ለካስ እሱም የ"ሬሳው አልተገኘም" አባል ኖሯል! ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝናብ ናፋቂን እየተከታተለ፣ ዘበኛ ቤቱ ውስጥ ተጋድሞ ለካሚር ሲጸልይ የከረመ ሰው ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ በወርቅ ጥርሱና በነጠላ ጫማው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ሳቀ አሉ። ሁለተኛ ሲያነበው ሳቁ ቆመ። ሦስተኛውን ሲያነብ ሰማያዊዋን በር በዘበኛ ቤቱ መስኮት እያያት ነበር። ቆጨው፤ አንባቢ ሁሉ የሳቀበት ሰው እሱ ነው። ስልኩን ይዞ ወደ ማዳም ገባ።

አስካለን የጠየቋት በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ ነው፤ የሚሉት በግማሽ ይገባታል፣ ራሷን የምታስረዳበት ግን የላትም። ባልባላ ያለችውን ልጅ ጥሩልኝ፣ እሷ ታንብብላችሁ አለች። እኔና እናቴ የሄድነው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሳሎኑ ብርድ ነበር፤ ኤር ኮንዲሽነሩ ጥርስ ያስነክሳል። ማዳም ሰዓዳ ሶፋው ላይ፣ ፖሊስ ነው የሚባለው ወንድሟ አጠገቧ፣ አብዲ በሩ ላይ ቆሞ፣ አስካለ ከወጥ ቤቱ መግቢያ ሁለት እጇን ሽርጧ ውስጥ ከትታ። ፓስፖርቷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወንድምየው ፓስፖርቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፣ ጽሑፉ እሱ እንደጠረጠረው ለሌቦች የተጻፈ የቤት ካርታ ሆኖ ከተገኘ በዚያው ወደ እስር ቤት እንደምትሄድ ነገረኝ። እናቴ ቁጭ በይ ሳትባል ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ልጄ፣ ያለችውን ብቻ በይ። ያላለችውን እንዳትጨምሪ፣ ያለችውንም እንዳታጎድዪ" አለችኝ። ማጉደልስ ቢያምረኝ አብዲ ቆሟል፤ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል።

ሰውየው መጀመሪያ የጠየቀኝ የግሩፑን ስም ነው። ወደ ፈረንሳይኛ መለስኩት። "የማን ሬሳ?" አለኝ። የካሚር፣ አልኩት። ካሚር ማን ነው? ዓሣ አጥማጅ። የት ይኖራል? የትም አይኖርም፣ የለም፣ ድራማ ነው። ከሌለ ለምን ትጽፋለች? ስለምትወደው። ማን ይከፍላታል? ማንም። ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ፤ ከዚህ ሁሉ ያላመነው ይህቺን ነው። እየከፈሏት ቢሆን ኖሮ ይገባው ነበር፤ አንድ ሠራተኛ በትርፍ ጊዜዋ ያለ ክፍያ ለማታውቃቸው ሰዎች የጓሮ በር ትጽፋለች የሚለው ግን እኔ ራሴ በፈረንሳይኛ ስሰማው ውሸት ይመስል ነበር። ወደ አንባቢዎቹ ስደርስ ደግሞ ባሰ። "ሐሙስ መኪናዬን ጓሮ በሩ ጋ አቆማለሁ፣ ሞተር አላጠፋም።" ይህ ቀልድ ነው ብዬ ባስረዳው ባስረዳው፣ ቀልዱ በፈረንሳይኛ ቀልድነቱን ትቶ ታርጋ ብቻ የቀረው ወንጀል ሆኖ ቁጭ አለ። የተከታታይን ጥያቄዎችም አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አስካለን እኔም አየኋት፤ ይህን ሁሉ ለምን ነገረችው ብዬ።

ያን ጊዜ ማዳም ሰዓዳ ሶፋው ላይ ቀና አለች። "ቆይ። ካሚር እኮ ሞቷል" አለችኝ። ድራማውን በአረብኛ አይታዋለች። ይህን ለአስካለ ስነግራት፣ ያቺ ዝምተኛ አንገቷን ቀና አድርጋ "ሬሳው አልተገኘም በያት" አለች። ማዳም "ቀለበቱ ተገኝቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለች። አስካለ "ቀለበቱን ራሱ ነው የጣለው፤ አጎትየው ፍለጋውን እንዲተው ብሎ። ባሕር ከመግባቱ በፊት ቀለበቱን ሲያዞረው አላየችም?" አለች። እኔ ትንፋሼ እስኪቆረጥ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እተረጉማለሁ። "ወላሂ፣ ያዞረው ነበር" አለች ማዳም ቀስ ብላ። ወንድምየው ራሱን ያዘ፣ አብዲም በሩ ላይ ሆኖ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፣ እናቴ በለሆሳስ ተመስገን ስትል ሰማኋት። አስካለ ተረፈች ብዬ አሰብኩ። ደስ ብሎኝም፣ እስኪ ቀጥዪ ስባል፣ ቀጣዩን፣ ገና ለሾፌሮቹ ያልተነበበውን ክፍል፣ ሳላየው ማንበብ ጀመርኩ፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ክፍሉ ስለ አጎትየው ሚስት ነው። በድራማው ውስጥ ሴትየዋ ከገብስ ገንፎ የማትሻል፣ ሻይ ከማቅረብ በቀር ሥራ የሌላት ናት፤ ማንም አያስታውሳትም። አስካለ ግን ነፍስ ዘርታባት ነበር። ካሚር በጓሮ በር ገብቶ፣ ወጥ ቤቱን አልፎ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። ሴትየዋ ባሏ ስልክ ደውሎ ዛሬም አልመጣም ባላት ቁጥር ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍታ ታለቅሳለች፣ ልጆቿ እንዳይሰሟት፤ ከዚያ ፊቷን በበረዶ አሽታ ትወጣለች። ካሚር ቆሞ ሰማት፣ አዘነላትም፤ የሰው ሐዘን መሀል አልፎ ሌላ ሰው ማዳን ይከብዳል ብሎ ሊመለስም አሰበ። ይህን ሁሉ በፈረንሳይኛ አንብቤ ስጨርስ ነው ሳሎኑ ውስጥ የሆነውን ያስተዋልኩት። ማዳም ሰዓዳ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ምንጣፉን ታያለች። ወንድሟ ወደ እሷ ዞሯል። አብዲ ወጥቷል፤ መቼ እንደወጣ አላውቅም።

ብዙ አልተናገረችም። ወንድሟን በሶማሊኛ፣ ሁላችንም በምንሰማው ቋንቋ፣ ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ነገር የለም፣ ይህን ወረቀት ላይ አስፍረህ ማን እንዲያነበው ነው የምትፈልገው አለችው። ፓስፖርቱን አንስታ ለእናቴ ሰጠቻት። ከዚያ አስካለን ሳታያት፣ ለእኔ፣ "ሌላ ምን ምን እንዳየች አልጠይቃትም። ዛሬውኑ ትውጣልኝ" አለችኝ። የመጨረሻውን ተረጎምኩ። አስካለ "እኔ እኮ ስላዘንኩላት ነው የጻፍኩት" አለች። ይህንንም ተረጎምኩ፤ የባሰ ያደረገው ይኸው መሰለኝ፤ ማዳም ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የውሃ ድምፅ ተሰማ።

አብዲ ሻንጣዋን እኔ ካልተሸከምኩ ብሎ እስከ በሩ አመጣው። ዓይኑ ቀልቷል። "ወላሂ እዚህ ይደርሳል ብዬ አይደለም፤ የሰው መሳቂያ ሆንኩ ብዬ ነው" አላት። ትንሽ ቆይቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ "ካሚር ግን... ይገባል?" ብሎ ጠየቃት። እናቴ በንዴት ልትሰድበው አፏን ስትከፍት አስካለ ቀደመቻት። "አንተን ካላለፈ እንዴት አድርጎ ይገባል አብዲዬ?" አለችው። ይህን ስትል አፏን በእጇ አልሸፈነችም፤ አልሳቀችም።

በማግስቱ ጋሽ ተሾመ ከዶራሌ ጭነቱን ይዞ ሲወጣ እኛ ደጃፍ ላይ ቆመ፣ ሞተር አላጠፋም። ዝናብ ናፋቂ ማን እንደሆነች የሰማው ያን ቀን ጠዋት ነው። ያ በነገር ሁሉ የሚቀልድ ሰው ከጋቢናው ወርዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የሽንኩርት ከታፊዋን እጅ በሁለት እጁ ሲጨብጥ አየሁት። "ልጄ፣ በየት በር ገባ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አላት። አስካለ እኔን ስታቅፈኝ ስልኳ ደረቷ ላይ ነበር፣ ሸተተኝ። ከዚያ ጋቢናው ላይ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ወደ ጋላፊ መንገድ ታጠፈ። የተከታታይ ስምም ከግሩፑ የጠፋው በዚያው ሳምንት ነው። ስላዘነ ይሁን ወይ ቤቱ ውስጥ መረጃ የሚሰጠው ሰው ስላጣ፣ ማን ያውቃል።

ካሚር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ሾፌሮቹ ዓርብ ዓርብ "ፈረንሳይ፣ አልመጣም?" ይሉኝ ነበር፤ በኋላ ተዉት። ሌላ ድራማ መጣ፣ በሱም ተለቀሰ። ግሩፑ ውስጥ ሰዎች ፈሩ፤ ወሬው በምን መንገድ እንደደረሰ እንጃ፣ ሰው ቤት የሚሠሩት ልጆች ስለ ቤት መጻፍ አቆሙ፣ ካሚር ሁልጊዜ ሜዳ ላይ፣ ሁልጊዜ ባሕር ዳር ሆነ። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ፣ ትራንዚት ቢሮ ገብቼ፣ እስከ ዛሬ የሰው ወረቀት ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እመልሳለሁ። አለቆቼ ጠንቃቃ ናት ይሉኛል።

ሁለት በጋ አልፎ፣ ግሩፑ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን "ዝናብ ናፋቂ" የሚለው ስም ብቅ አለ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። "ካሚር ወደ ቤቱ መጣ። ቤቱ ትልቅ ነበር። ገባ። ናርዳን አገኛት። ተያይዘው ሄዱ፣ በደስታም ኖሩ።" በቃ። ሰማያዊ በር የለ፣ ጋዝ ሲሊንደር የለ፣ ዘበኛ የለ፣ የውሃ ድምፅ የለ። በየት አገር፣ በማን ቤት፣ በማን ጣሪያ ላይ ሆና እንደጻፈችው የማውቅበት አንዲት ክር አልተወችልኝም። ጋሽ ተሾመ ሳነብለት "ይህቺ እሷ አይደለችም፣ ሌላ ሰው ስሟን ሰርቆ ነው" አለ። እኔ ግን እሷ መሆኗን ያወቅኩት በዚያው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ በር ያስገባ ነበር፤ ዋጋ የከፈለበትን ነገር ብቻ መርጦ፣ አንድ ሳያስቀር ጠርጎ ማውጣት የሚችል እሷ ብቻ ናት። ካሚር ገባልኝ ብዬ ሳይሆን አስካለ ሞተችብኝ ብዬ አለቀስኩ።

አስተያየት የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተከታታይ ነው፤ ያ ከግሩፑ ጠፍቶ የነበረው፣ ፎቶ የሌለው። "በየት በር ገባ?" ይላል። ማንም አልመለሰለትም፣ ጥያቄውም እስካሁን እዚያው አለ፤ ግሩፑ ባዶ ቢሆንም አልፎ አልፎ ገብቼ አየዋለሁ። ምናልባት የናርዳ ነገር ያልወጣለት፣ አንድ ኬላ ላይ ወረፋ የሚጠብቅ ምስኪን ሾፌር ይሆናል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስሟን እየጠበቀ የኖረ፣ ከሁላችንም በላይ የሚወዳት አንባቢዋ። ምናልባትም አይደለም። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ሰማያዊ በር ነው፣ ቁልፉም ከጋዝ ሲሊንደሩ ኋላ ሚስማር ላይ ነው። ስንት ጊዜ ጽፌው አጥፍቼዋለሁ፤ የሚጠይቀው ማን እንደሆነ አላውቅማ።